የዕድሩ ኮምፒውተር አልተበላሸም

በዕድራችን መዝገብ ላይ ስለ እኔ ሐሰት ተጽፎ ነበር። ይህን የምጽፈው ሐሰቱ እንዴት እንደተጻፈና መጨረሻው ምን እንደሆነ አንድ ቦታ ላይ እንዲገኝ ብዬ ነው። የተጻፈው እንዲህ ይል ነበር፦ «የዕቃ ቤት ጠባቂዋ የኢንተርኔት አድራሻ በስህተት በመጻፍና የማታውቀውን በመነካካት ኮምፒውተሩን ስላበላሸች ቁልፉን እንድታስረክብ ተወስኗል።» አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከሥሩ አምስት ፊርማ አለ።

ድስት ጎደለ ቢሉኝ ድስቶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ፀሐይ ላይ እደረድርላቸው ነበር። አግዳሚ ወንበር ተሰበረ ቢሉኝም የሰበረውን ሰው ከነቀኑ እነግራቸው ነበር። የኮምፒውተር ብልሽት ግን አውጥተው የሚደረድሩት ነገር አይደለም። «አበላሸሽ» ካሉ አበላሸሽ ነው። ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

ዕድራችን ዓዲ ሓቂ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። ግቢው ውስጥ ድንኳኑ፣ አግዳሚዎቹና ትልልቆቹ ድስቶች የሚቀመጡበት ቆርቆሮ ቤት አለ። ከጎኑ አንድ መስኮት ያላት ትንሽ ክፍል አለች፤ ኮምፒውተሩ ያለው እዚያ ነው። የሁለቱንም ቁልፍ እይዝ የነበርኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና እስኪሞት ድረስ የዕድሩ ጸሐፊ ነበር። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ በአማርኛ። ቤታችንም ሰፈራችንም የሚያወራው በትግርኛ ቢሆንም እጄ መጻፍ የለመደው በአማርኛ ስለሆነ፣ የተባለውን ሁሉ ወደዚያው መልሼ ነው የማስቀምጠው።

ኮምፒውተሩን ያገኘነው አንድ መሥሪያ ቤት የራሱን በአዲስ ሲቀይር አሮጌውን ለዕድራችን ሰጥቶ ነው። ባለቤቴ በባጃጅ ሲያመጣው ስክሪኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ አቅፎት ነበር። ባጃጇ ድንጋይ ላይ በዘለለች ቁጥር ሹፌሩን «ቀስ በል» ይለው እንደነበር ራሱ እየሳቀ ነግሮኛል። ሲበራ ከአራት አቅጣጫ አራት ትንንሽ ብርሃኖች ይመጡና መሐል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ አጭር ዜማ ያሰማል። ዛሬ የልጆቼ ልጆች የያዟቸው ኮምፒውተሮች እንዲህ አይደሉም፤ ክዳናቸው ሲነሳ ወዲያው ሥራ ላይ ናቸው። እኔ ግን እነዚያን አራት ብርሃኖች መጠበቅ እወድ ነበር። ባለቤቴም ይወድ ነበር። ሁለታችንም ዝም ብለን እስኪገናኙ እናያለን።

ያስተማረኝ ከምሳ በኋላ፣ ግቢው ጸጥ በሚልበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ አንዱን ቁልፍ ብጫን የሆነ ነገር የማጠፋ ስለሚመስለኝ እጄን እሰበስብ ነበር። «ይህ እኮ ወጥ አይደለም፤ ቢያርር ይመለሳል» ይለኛል። የቀብር ማስታወቂያ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ ለቀበሌ የሚሄድ ደብዳቤ መጻፍ ቻልኩ። በሁለት ጣት ነው የምጽፈው። እሱ በአንድ ጣት ስለነበር በኋላ ላይ እኔ እቀድመው ጀመር። እየተናገረ ያጽፈኛል፤ ያልገባኝን ዓረፍተ ነገር ግን አልጽፍም እለዋለሁ። «ጸሐፊው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» ይላል። ከዚያ ያስተካክለዋል።

አሁን ስለ ቀኑ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነውና።

የዕድሩ ደብዳቤ ሲከፈት ቀኑ ከኮምፒውተሩ ሰዓት ላይ ተነስቶ ራሱ ከላይ ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን የሚወጣው የፈረንጆቹ ቀን ነበር። አንድ የስብሰባ ጥሪ በዚያ ቀን ወጥቶ ተበተነ። ግማሹ ሰው በሌላ ቀን መጣ፣ ግማሹ ጭራሽ አልመጣም፣ አንዲት እናት ደግሞ «የሰባት ዓመት ቀጠሮ ሰጣችሁኝ?» ብለው ወረቀቱን ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ የኮምፒውተሩን ቀን በእኛ አቆጣጠር አስገባው። ከግድግዳው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ያያል፣ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን በቁጥር ያስገባል። ደብዳቤውም እንደ እኛ ሆኖ ይወጣል።

ማሽኑ ግን ወሮቹን የሚያውቀው በራሱ መንገድ ነው። የእኛ ሁለተኛ ወር ጥቅምት ነው፤ የእሱ ሁለተኛ ወር ሃያ ስምንት ቀን ብቻ አለው። ስለዚህ ጥቅምት ሠላሳን ጭራሽ አይቀበልም፣ ሃያ ዘጠኝንም በአራት ዓመት አንዴ ካልሆነ እሺ አይልም። በሌላ ወር ደግሞ ሠላሳ አንድ እያለ ይቆጥራል። ጳጉሜን የሚባል ወር እንዳለም አልሰማም። ባለቤቴ በነዚያ ቀናት ወረቀቱ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ይጽፋል፣ በየወሩ መባቻ ደግሞ ማሽኑን ያስተካክላል። «ይኸ ዕቃ ጳጉሜን ሳይጾም ዘሎ ዓመቱን ጨረሰ» እያለ ይስቅበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ በየወሩ መጀመሪያ ቀኑን ማስተካከል የእኔ ሥራ ሆነ። አንድም ወር አልዘለልኩም።

እሱ ሲሞት የእሱን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ይጻፍ ብለውኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። የስንቱን ሰው ስም አብረን ጽፈን የእሱን ለሌላ አልሰጥም። ደብዳቤውን ስከፍተው ቀኑ ራሱ ከላይ ወጣ፣ ልክ እንደ ካላንደሩ። አየሁትና ጻፍኩ።

ከዚያ ያ ሁላችንም የምናውቀው ጊዜ መጣ። መብራትም ስልክም ኢንተርኔትም የለም። ክፍሏን ዘጋሁ፤ ኮምፒውተሩን በባለቤቴ አሮጌ ካፖርት ሸፈንኩት። አቧራ እንዳይበላው አልፎ አልፎ እየገባሁ ካፖርቱን አራግፌ እመልስ ነበር። መብራት ሲመለስ አበራሁት። አራቱ ብርሃኖች መጡ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ማንም አላየኝም። ቀኑ ግን ጠፍቶበታል፤ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ወደነበረ ዓመት ተመልሷል። አስተካከልኩት። በነጋታው እንደገና ተመልሶ አገኘሁት። ከዚያ ጀምሮ በየጠዋቱ፣ በር ስከፍት መጀመሪያ የማደርገው ካላንደሩን አይቶ ቀን ማስገባት ሆነ።

ኢንተርኔት ወደ ሰፈራችን ሲመለስ ኮሚቴው ለክፍሏ መስመር እንዲገባ ወሰነ። ጥሩ ውሳኔ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ቅርባችን ስለሆነ በየቤቱ ተማሪ ተከራይቷል፤ የሰፈሩም ሰው ቅጽ ለመሙላት ወዲያ ወዲህ ይላል። መስመሩ የገባ ዕለት የኮሚቴው ሰዎች ሁሉ ተሰበሰቡ። ሊቀመንበሩ የቀድሞ መምህር ነው፤ ከእኔ በአሥር ዓመት ያህል ያንሳል። አድራሻ የጻፈበትን ወረቀት አምጥቶ ከጀርባዬ ቆመና ጻፊ አለኝ። ጻፍኩ። ገጹ ሊከፈት ሲል ቀይ ምልክት ያለበት ሌላ ገጽ መጣ፣ በእንግሊዝኛ የተሞላ። ሊቀመንበሩ አንድ ፊደል ዘለሻል አለ። ከወረቀቱ ጋር እያመሳከርኩ እንደገና ጻፍኩ። ያው ቀዩ መጣ። ሦስተኛም ጻፍኩ።

«ተነሺ እስቲ አደይ» አለኝና ራሱ ተቀመጠ። አደይ እናቴ ማለት ነው፤ ደግ ቃል ነው፣ በዚያን ዕለት ግን እንደ ዝንብ ማባረሪያ ነበር የተጠቀመበት። እሱም ጻፈ። ቀዩ መጣ። ሌላ አድራሻ ጻፈ፣ እሱም ቀይ። አንድ ብቻ፣ ያረጀ የሚመስል ገጽ፣ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ። ያንን ልብ ብዬዋለሁ። ሊቀመንበሩ ግን ወደ ሰዎቹ ዞሮ እኔ ቀድሜ የሆነ ነገር በመነካካቴ እንደሆነ ተናገረ። አንዱ ቀልደኛ «ድስት መሰላት እንዴ፣ በጭልፋ አማሰለችው» አለ፤ ሳቁ።

እኔም ለሊቀመንበሩ «አንተም ስትጽፍ ያው ነው የመጣው። አንተ ስትጽፍስ ማን ነካካው?» አልኩት። ተነስቶ ወጣ። በሚቀጥለው ስብሰባ ያ ዓረፍተ ነገር ተጻፈ። እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ያን ዕለት የዓይናለም ጉድጓዶች ውኃ ወደ እኛ መስመር የሚመጣበት ተራ ስለነበር የዕድሩን በርሜሎች እየሞላሁ ነበር። የእነሱን በርሜሎች እየሞላሁላቸው ፈረዱብኝ።

ቁልፉን አስረክቢ ሲሉኝ ከማስረከቤ በፊት አንድ ነገር አደረግሁ። ኮምፒውተሩን አበራሁ፣ ቀኑን አስተካከልኩ፣ አድራሻውን ጻፍኩ። ቀዩ ገጽ ሲመጣ ወረቀት አውጥቼ በላዩ ያለውን እንግሊዝኛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊደል በፊደል ገለበጥኩት። ትርጉሙን አላውቅም። ፊደሎቹን ግን አውቃቸዋለሁ፤ ባለቤቴ በቁልፎቹ ላይ አስተምሮኛል። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ዘጋሁና ቁልፉን ሰጠሁ።

ዓይደር፣ ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ድሮ ራዲዮ ይጠግን የነበረ፣ አሁን ደግሞ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አለ። መነጽሩ በክር ታስሮ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። የእኛን ራዲዮ ስንት ጊዜ አድኖልናል። በሚኒባስ ሄጄ ወረቀቴን ሰጠሁት። ሊቀመንበሩ ከላይ ያለውን ትልቁን ጽሑፍ ብቻ አንብቦ ነበር የተወው፤ ይህ ሰው ግን ጣቱን እያስኬደ እስከ ታች አነበበው።

«አደይ፣ ማንም ሰው አድራሻ አልተሳሳተም» አለኝ። «ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ቀርቷል ነው የሚለው። ለመሆኑ ኮምፒውተሩ ላይ ዓመቱ ስንት ነው የሚለው?»

ዓመተ ምሕረቱን ነገርኩት። በየጠዋቱ ከካላንደር እያየሁ የማስገባው ነውና ሳልጠራጠር፣ እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብዬ ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። ምን አሳቀህ አልኩት።

አስቀመጠኝና አስረዳኝ። ኢንተርኔት ላይ ያለ ገጽ ሁሉ እንደ ሰው መታወቂያ አለው አለኝ። መታወቂያው ላይ የተሰጠበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን አለ፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ያንን ያያል። የእናንተ ዘበኛ ከሰባት ዓመት በፊት ያለ ይመስለዋል። ባለ መታወቂያው ሲመጣ ቀኑን ያያል፣ ይህ መታወቂያ ገና አልወጣም፣ ሐሰተኛ ነው ይልና በሩን ይዘጋል። ያ አንድ የተከፈተው አሮጌ ገጽ መታወቂያ የማይጠየቅበት ዓይነት ነው። ቀኑ በየጠዋቱ የሚጠፋው ደግሞ ሆዱ ውስጥ ያለች አንዲት ክብ ባትሪ ስለሞተች ነው። ባትሪዋ ትቀየር፣ ቀኑ በፈረንጆቹ ይግባ፣ ሁሉም ይከፈታል።

«ስለዚህ የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ቀኑን ያስገቡት እርስዎ ከሆኑ፣ አዎ።»

በሚኒባስ ስመለስ ከማንም ጋር አላወራሁም። ከባለቤቴ ጋር ነበር የማወራው፣ በሆዴ። አየህ ምን እንዳስተማርከኝ እለዋለሁ። ወዲያው ደግሞ እሱን መውቀሴ ራሱ ግፍ መሰለኝ፤ ያኔ ኢንተርኔት አልነበረንም፣ ለደብዳቤ የሠራነው ሥራ ለደብዳቤ ልክ ነበር። ዝም ብዬ ባትሪውን ማስቀየር እችል ነበር። ማሽኑ ይሠራል፣ «በራሱ ዳነ» ይባላል፣ ቁልፌን ይመልሱልኛል። ይህን አስቤዋለሁ፣ አልደብቅም። ግን መዝገቡ ላይ ያለው ሐሰት በዚያ አይነሳም፤ እኔም የራሴን እጅ ደብቄ የሰው እጅ ልጠቁም አልችልም።

ቀጣዩ ስብሰባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ራዲዮ ጠጋኙን ይዤው ሄድኩ። የመናገር ተራ ስጠይቅ ሊቀመንበሩ ይህ ጉዳይ ተዘግቷል አለ። እኔም የተዘጋው በእኔ ላይ ስለሆነ ለመክፈትም መብቱ የእኔ ነው አልኩ። ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች ተናገሪ አሉኝ፤ ተናገርኩ። አድራሻው ልክ ነበር፣ እኔም ስጽፈው ልክ ነበር፣ ሊቀመንበሩም ሲጽፈው ልክ ነበር። በሩን የዘጋው ቀኑ ነው፤ ቀኑን በየጠዋቱ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ያ ቀልደኛ «ታዲያ ይኸው፣ ራሷ አመነች» አለ። ሊቀመንበሩም ልክ ነው በሚል ራሱን ነቀነቀ። ገና አልጨረስኩም አልኳቸው።

ክፍሏ ተከፈተች። ራዲዮ ጠጋኙ ሣጥኑን ፈትቶ ሳንቲም የምታህል ባትሪ ቀየረ፤ ቀኑን በፈረንጆቹ አስገባ። አድራሻውን እንድጽፍ ወንበሩን ወደ እኔ ገፋልኝ፣ በሁለት ጣቴ ጻፍኩ። ገጹ ተከፈተ። ቀይ የሚባል ነገር የለም። በሩ ላይ የተጨናነቁት ሰዎች ለማየት ተጠጉ። ባለቤቴ በነበረ ብዬ ተመኘሁ። እሱ ቢኖር ኖሮ ወዲያው ጳጉሜንም ተቀበለ እንዴ ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ወደ ስብሰባው ስንመለስ የድሮው መዝገብ እንዲወጣ ጠየቅሁ፣ ባለቤቴ ይጽፍበት የነበረው። ሊቀመንበሩ ለምን አለ። ያ የሰባት ዓመት ቀጠሮ የተባለው ጥሪ ከተበተነ በኋላ የነበረውን ስብሰባ ፈልጉልኝ አልኩ። የአሁኑ ጸሐፊ ገጾቹን ሲገልጥ ከሩቅ የባለቤቴን እጅ አወቅሁት፤ «የ»ን ሲጽፍ ጭራዋን ይጎትታት ነበር። ጸሐፊው አገኘውና አነበበው፦ «የኮምፒውተሩ ቀን በእኛ አቆጣጠር እንዲሆንና ጠባቂዋ በየወሩ እንድታስተካክል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» ከዚያ የፈራሚዎቹን ስም አነበበ። ከአምስቱ ሦስቱ በሕይወት የሉም። አራተኛው ሰፈር ቀይሯል። አምስተኛው ሊቀመንበሩ ነበር፤ ያኔ ተራ የኮሚቴ አባል ነበር።

ማንም አልሳቀም፤ ቀልደኛውም ጫማውን ያያል። እኔ ቆሜ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። አንደኛ፣ ያዘዛችሁኝን በመፈጸሜ ጥፋተኛ ነኝ ወይ? ሁለተኛ፣ ካልሆንኩ በእኔ ላይ የተጻፈው መቼ ነው የሚሰረዘው? ሊቀመንበሩ መዝገቡን ወደ ራሱ ስቦ የራሱን ፊርማ ቆየት ብሎ አየው። መነጽሩን ጠራረገ። እኔም እስኪመልስ ድረስ አልቀመጥም ብዬ ቆሜ ጠበቅሁት።

በመጨረሻ ተነሳ። ተቀምጦ መናገር ይችል ነበር፤ ተነሳ።

«አደይ፣ ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም፤ ሕጋችን ነው፣ ይህንንም ያወጡት ባለቤትዎ ናቸው» አለ። «ከሥሩ ግን ይጻፋል። ጸሐፊ፣ ጻፍ። ጠባቂዋ የተሳሳተችው ነገር የለም። ያዘዝናት እኛ ነን፣ ያዘዝነውንም የረሳነው እኛ ነን። ሳልጠይቃት የፈረድኩባት ደግሞ እኔ ነኝ፤ እሱን ለብቻው ጻፈው፣ ፊርማውም የእኔ ብቻ ይሁን።»